መሪው ከፍ ይበል ወይስ ይዙር? ለደነዘዙ ጣቶች የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የወረዳ ግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው። በሳምንት አራት ቀን በመሥሪያ ቤቱ ያማሃ ኤጂ 200 ሞተር ሳይክል ቀበሌዎችን እዞራለሁ፤ በቀን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስሄድ አብዛኛው መንገድ ጠጠር ነው። መሪው ይርቀኝ ስለነበር አንድ መካኒክ ወደ እኔ ስቦ አሰረልኝ። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ሰዓት ከሄድኩ በኋላ በሁለቱም እጆቼ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ይደነዝዛሉ፣ ከትከሻዎቼ መካከልም ያቃጥለኛል። የሥራ ባልደረባዬ መሪውን 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ብረት ከሥሩ እንዳስገባ መክሮኛል። ይጠቅመኝ ይሆን?»

ምላሽ፦ ብረቱን አሁን አይግዙት። የገለጹት ምልክት ከመሪው ቁመት ይልቅ መሪው የታሰረበትን ማዕዘንና የፍሬንና የፍሪሲዮን መጨበጫዎቹን አቀማመጥ የሚያመለክት ይመስለኛል። ሁለቱም ደግሞ ምንም ሳይገዙ፣ በሁለት ቁልፎች፣ በአንድ ሰዓት ገደማ የሚስተካከሉ ናቸው። ረዘም አድርጌ የምጽፈው እንዲህ የምልበትን ምክንያት እንዲያዩት፣ ሥራውንም ራስዎ ቢሠሩት ወይም መካኒክ ሲሠራው አጠገቡ ቆመው ቢከታተሉት እንዲመችዎ ነው።

የደነዘዙትን ጣቶች ለይተው መጻፍዎ ብዙ ነገር አቅልሎልኛል። ብዙ ሞተረኛ «እጄ ደነዘዘ» ብሎ ያቆማል፤ ነገር ግን የትኛው ጣት እንደ ደነዘዘ ማወቅ የችግሩን ግማሽ እንደ መፍታት ነው። ወደ ትንሿ ጣትና ወደ ቀለበት ጣት የሚሄደው ነርቭ በክርን ውስጠኛ ጎን፣ ስንጋጭ እንደ ኤሌክትሪክ በሚነዝረን ቦታ በኩል አልፎ፣ ከመዳፍ ሥር በትንሿ ጣት በኩል ወደ እጅ ይገባል። አውራ ጣትን፣ ጠቋሚንና መሐል ጣትን የሚያገለግለው ሌላው ነርቭ ግን በእጅ አንጓ መካከል በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ያልፋል። አንጓው ወደ ኋላ ተቆልምሞ ረጅም ሰዓት ከቆየ የሚጨነቀው ይህ ሁለተኛው ሲሆን፣ የሰውነት ክብደት በመዳፍ ውጨኛ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ወይም ክርን ታጥፎ ሲቆይ ደግሞ የመጀመሪያው ይጨነቃል። የእርስዎ ጣቶች የመጀመሪያውን ይናገራሉ። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን «መሪው ምን ያህል ዝቅ ብሏል?» ብለን ሳይሆን «ክብደትዎ ለምን በመዳፍዎ ውጨኛ ጠርዝ ላይ አረፈ?» ብለን ነው።

እዚህ ላይ ያ መካኒክ የሠራውን እንመልከት። ለእርሻና ለገጠር ሥራ የተሠሩ ሞተሮች መሪ ከመሐሉ ተነሥቶ ጫፎቹ ወደ አሽከርካሪው የታጠፉ ናቸው። እንዲህ ያለ መሪ በማሰሪያው ውስጥ ወደ ኋላ ሲዞር ጫፎቹ ወደ እርስዎ ከመቅረባቸው ባሻገር ዝቅ ይላሉ፤ ወደ ውጭም አፋቸውን ደፍተው ያዘነብላሉ። ወደ ፊት ሲዞር ደግሞ ጫፎቹ ይርቃሉ፣ ከፍም ይላሉ። ስለዚህ መሪው ወደ እርስዎ በተሳበ ጊዜ ርቀቱ በእርግጥ ቀንሷል፤ ነገር ግን መያዣው፣ ማለትም መዳፍ የሚያርፍበት ላስቲክ የለበሰው የመሪው ጫፍ፣ ወደ ታች ስላዘነበለ እጅዎ በትንሿ ጣት በኩል እየተንሸራተተ ክብደቱ ሁሉ በዚያ ጠርዝ ላይ ተከማችቷል። ክርኖችዎም ወደ ጎድንዎ ተጠግተው ታጥፈዋል። ክርን ወደ ጎን ተጠግቶ ሲታጠፍ መንገዱ በወረወረን ቁጥር ንዝረቱን የሚቀበለው ትከሻና በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ያለው ጡንቻ ነው፤ ማቃጠሉ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ 5 ሴንቲ ሜትሩ ብረት ከሥሩ ቢገባ የሚሆነው ግልጽ ነው፤ ያዘነበለውን መሪ እንዳዘነበለ ከፍ ያደርገዋል። ባልደረባዎ በቅንነት እንደ መከሩዎ አልጠራጠርም፣ ምናልባትም ለእርሳቸው ሠርቶላቸዋል፤ ቁመታቸው ግን 1 ሜትር ከ80 ከሆነ ችግራቸው ሌላ፣ የእርስዎም ሌላ ነው።

ሥራውን ከመጨበጫዎቹ ይጀምሩ። ከመሪው የማልጀምረው ሆን ብዬ ነው፤ ብዙ ጊዜ መጨበጫው ሲስተካከል መሪውን መንካት እንኳ ሳያስፈልግ ይቀራል። ሞተሩን ሜዳ ላይ ቀጥ አድርጎ የሚይዝልዎ ሰው ይፈልጉ፤ የጎማዎቹን አየር ይመልከቱ፤ ሁልጊዜ በሚለብሱት ጫማና ጓንት ተቀምጠው ሁለቱን እግሮችዎን መርገጫው ላይ ያድርጉ። አሁን ዓይንዎን ጨፍነው እጆችዎን ወደ ጎን አንጠልጥለው ያዝናኑ፣ ከዚያም ሳያስቡበት ወደ መሪው ያንሷቸው። እጅዎ በራሱ ያረፈበት ቦታና መያዣው ያለበት ቦታ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚነግርዎ ይህ ነው። ሌላ ሰው በዚያው ቅጽበት ከጎን በኩል በስልክ ፎቶ ቢያነሣዎ ደግሞ እጅግ ይጠቅማል፤ ሰው የራሱን አንጓ መታጠፍ ተቀምጦ አያየውምና።

ከዚያ ጣቶችዎን ከክንድዎ ጋር በአንድ መስመር ቀጥ አድርገው ወደ ፊት ይዘርጉ። የፍሪሲዮንና የፍሬን መጨበጫዎቹ ልክ ከተዘረጉት ጣቶች ሥር መገኘት አለባቸው። ከፍ ብለው ከተገኙ መጨበጫውን ለመያዝ በሞከሩ ቁጥር አንጓዎ ወደ ኋላ ይቆለመማል ማለት ነው። በመጨበጫው ማቀፊያ ላይ ያለውን ብሎን፣ ብዙ ጊዜ 10 ቁልፍ ነው፣ በጥቂቱ አላልተው መጨበጫውን ወደ ታች ያዙሩት። ለአብዛኛው ሰው ከአግድም መስመር ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ዝቅ ያለ ማዕዘን ይስማማል፤ ቁጥሩን ግን እንደ ሕግ አይያዙት፣ ሕጉ የክንድዎ መስመር ነው። በጠጠርና በጉድጓድ ላይ ከመቀመጫ ተነሥተው መርገጫው ላይ ቆመው የሚያሽከረክሩ ከሆነ ጥቂት ዝቅ ያለውን ይምረጡ፤ ሲቆሙ ክንድዎ ከላይ ወደ ታች ስለሚመጣ ከፍ ያለ መጨበጫ ለቆመ ሰው ፈጽሞ አይመችም።

አጭር ጣት ያለው ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ማድረግ ይችላል። የመጨበጫውን ማቀፊያ ከመያዣው ላስቲክ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ መሐል ቢያስገቡት ሁለቱ ጣቶችዎ የመጨበጫውን ጫፍ ያገኛሉ፤ ከጫፍ ሲሳብ ደግሞ ኃይሉ ይቀላል። የሞተርዎ የፊት ፍሬን በኬብል የሚሳብ የታምቡር ፍሬን ስለሆነ የመጨበጫውን ልልነት ከማስተካከያው ጥቂት በመጨመር መያዝ የሚጀምርበትን ቦታ ወደ ጣትዎ ማቅረብ ይቻላል። ነገር ግን በሙሉ ኃይል ሲጨብጡት መያዣውን ፈጽሞ መንካት የለበትም። ለፍሪሲዮኑ በመጨበጫው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ልልነት የተለመደ ነው፤ ልልነት ያጣ ፍሪሲዮን ሸራው እየተንሸራተተ ያልቃል፣ ከልክ በላይ የላላ ደግሞ ማርሹን ያስቸግራል።

ማቀፊያዎቹን ሲያጠብቁ ድንጋይ አያድርጓቸው። በእጅ ሲገፉ የማይነቃነቁ፣ ሞተሩ ሲወድቅ ግን መጨበጫው ከመሰበር ይልቅ የሚዞርበት ልክ ይበቃል። ገጠር መሐል ከተሰበረ መጨበጫ ጋር መቅረት ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ስፖኪዮዎቹም በማቀፊያዎቹ ላይ የታሰሩ ስለሆኑ አብረው ይዞራሉ፤ ሳያስተካክሏቸው ወደ መንገድ አይውጡ።

አሁን ወደ መሪው። የላይኛውን ማሰሪያ አራት ብሎኖች ከማላላትዎ በፊት መሪው አሁን ያለበትን ቦታ በመሪውና በማሰሪያው መገናኛ ላይ በጥፍር ቀለም አንድ ቀጭን መስመር አድርገው ምልክት ያድርጉበት። የመሥሪያ ቤት ሞተር የብዙ ሰው ነው፤ ነገ ሌላ ባልደረባ ሲወስደው የየራሳችሁን ቀለም ይዛችሁ በአምስት ደቂቃ ወደ ልካችሁ ትመልሱታላችሁ። ብዙ መሪዎች ፋብሪካው የመታባቸው ትንሽ ነጥብም አላቸው፤ ነጥቡ ከማሰሪያው መገጣጠሚያ ጋር ሲገጥም መሪው ፋብሪካው ባሰበው ቦታ ላይ ነው ማለት ነው። የእርስዎን ሥራ መጀመር የምመርጠው ከዚያ ነጥብ ነው፤ ነጥቡ ከጠፋ ደግሞ ከጎን ሆነው ሲያዩት የመሪው መነሻ ክፍል ከፊት አሞርዛተሮቹ (የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ ከያዙት ቱቦዎች) መስመር ጋር ተመሳሳይ ዘንበልታ እንዲኖረው አድርገው ይጀምሩ።

በነዳጅ ታንኩ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ አልብሰው ብሎኖቹን ሳያወጡ ያላሏቸው፤ መሪው በእጅ ሲገፋ በጥቂት ግትርነት መዞር አለበት። ከመነሻው ነጥብ ተነሥተው በመያዣው ጫፍ ሲለካ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ልክ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ እየሞከሩ፣ መዳፍዎ በመያዣው ላይ በሙሉ ስፋቱ የሚያርፍበትን ቦታ ይፈልጉ። ክርንዎ ጥቂት ታጥፎ ወደ ውጭ ይከፈት፣ ትከሻዎ ወደ ጆሮዎ አይነሣ። መሪው ከዞረ የመጨበጫዎቹም ማዕዘን አብሮ ይዛባልና ያንን መልሰው ያስተካክሉ፤ ይህ ድግግሞሽ አሰልቺ ቢሆንም አይዝለሉት።

የማሰሪያውን ብሎኖች በምን ቅደም ተከተል እንደሚያጠብቁ የሞተርዎ መመሪያ ይነግርዎታል። በብዙ የጃፓን ሞተሮች የፊቶቹ ሁለት ብሎኖች አስቀድመው ሙሉ በሙሉ ይጠብቁና ክፍተቱ በኋላ በኩል ይቀራል፣ ከዚያ የኋላዎቹ ይከተላሉ። ያንን የኋላ ክፍተት አይቶ «አልገጠመም» በማለት በቧንቧ አርዝሞ የሚያጠብቅ መካኒክ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል፤ ውጤቱ የተበላ ጥርስ ወይም የተሰነጠቀ የአሉሚኒየም ክዳን ነው። የዚህ ዓይነት 8 ሚሊ ሜትር ብሎን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ሲሆን፣ ይህም 20 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ 11 ኪሎ ግራም ያህል ከመስቀል ጋር ይመጣጠናል። ከአንድ እጅ ጠንከር ያለ ግፊት አይበልጥም። መሪው በማሰሪያው ውስጥ የሚገባበት የተሻከረ ክፍል ሳይወጣ በውስጡ መቅረቱን፣ ዘይትም እንዳልነካው ያረጋግጡ።

ቀጥሎ ያለው ፍተሻ ከምቾት ሳይሆን ከሕይወት ጋር የተያያዘ ስለሆነ መሪው በተነካ ቁጥር ይደረግ። ሞተሩን ክፍት ቦታ ላይ በማቆሚያው ላይ አቁመው ፎሌ ላይ (ማርሽ ሳይገባ) አድርገው ያስነሡት፤ በሚኒሞ፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጡት፣ እየሠራ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያም እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ ያዙሩት። ድምፁ በየትኛውም ጫፍ ከጨመረ የጋዙ ኬብል ተወጥሯል ማለት ነው፣ እንዲህ ሆኖ መንገድ ላይ መውጣት አደጋ ነው። ሞተሩን አጥፍተው በሁለቱም ጫፎች ላይ ጋዙን ከፍተው ይልቀቁት፤ በራሱ ጠቅ ብሎ መዘጋት አለበት። የፍሪሲዮኑ ልልነት በሁለቱም ጫፎች እኩል መሆኑን፣ መሪውም ሆነ ጣትዎ ታንኩን አለመንካቱን፣ የመብራትና የክላክስ ሽቦዎች አለመጨነቃቸውን ይመልከቱ። ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው የፊት ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ ከሆነ የፍሬን ዘይት ጎማ ቱቦው ሳይወጠር መድረሱን፣ የዘይቱ ዕቃም አግድም መቀመጡን ይጨምር።

ይህ ሁሉ ሲደረግ የመጀመሪያው ችግርዎ፣ ማለትም የመሪው መራቅ፣ በከፊል ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ይህን አልደብቅዎትም። ነገር ግን ርቀትን ለማሳጠር መሪን ከማዞር የተሻሉ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው አቀማመጥዎ ነው። ኮርቻው ላይ አንድ መዳፍ ያህል ወደ ታንኩ ቀርበው ይቀመጡና ታንኩን በጉልበቶችዎ ያቅፉት፤ የሰውነትዎን ክብደት የሚሸከሙት እግርና ሆድ ሲሆኑ እጅ መሪውን ለመምራት ብቻ ይቀራል። በጠጠር ላይ በተለይ ጉልበቱ የተከፈተ ሰው በእጁ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። በጀርባ የሚታዘል ቦርሳም ትከሻን ያቃጥላል፤ ሰነዱንና የአፈር ናሙናውን ከኋላ ያለው የዕቃ መጫኛ ላይ ይሰሩት። ዕቃው ግን ወደ ፊት ገፍቶ ከኮርቻው መሐል እንዳያስነሣዎ ይጠንቀቁ።

ከዚህ በኋላም ርቀቱ ካስቸገረ ከፍ ማድረጊያ ብረት ሳይሆን ጫፎቹ ይበልጥ ወደ ኋላ የታጠፉ ሌላ መሪ ቢፈልጉ እመርጣለሁ። በማሰሪያው በኩል 22 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መሪ የተለመደ ሲሆን ለከባድ ኮረኮንች የሚሠሩት 28.6 ሚሊ ሜትር የሆኑት ግን በእርስዎ ማሰሪያ አይገቡም። ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ሄደው ጎን ለጎን አድርገው ስፋቱን፣ ከፍታውንና የጫፉን መታጠፍ ያወዳድሩ። ከፍ ማድረጊያው ብረት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ የፊት አሞርዛተሩ 27 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው ብንል፣ በዚያ መስመር ላይ 5 ሴንቲ ሜትር የጨመረ ብረት መሪውን 4.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ሲያደርግ ከ2 ሴንቲ ሜትር ጥቂት በላይ ወደ እርስዎ ያቀርበዋል። ቁጥሩ ያጓጓል፤ ነገር ግን ኬብሎቹ ያን ያህል ትርፍ ርዝመት ላይኖራቸው ይችላል፣ ብረቱ በረዘመ ቁጥርም ማሰሪያው ላይ የሚያርፈው ጉልበት ይጨምራል። ካስፈለገ 2 ሴንቲ ሜትር ሞክረው ይዩት። በምንም ምክንያት ግን በብየዳ የተራዘመ፣ ወይም ተጣሞ በእሳት የተቃና መሪ አይጠቀሙ፤ ብየዳው አጠገብ ያለው ብረት ሳይታወቅ ተሰንጥቆ አንድ ቀን በእጅዎ ላይ ይቀራል።

ስለ ንዝረትም ሁለት ነገር ልበል። አንድ ሲሊንደር ያለው ሞተር መንዘሩ አይቀርም፤ የደረቀና የተላጨ መያዣ ላስቲክ ግን ንዝረቱን ያባብሰዋል፣ መተካቱም ርካሽ ነው። ብዙ ሞተረኞች ላስቲኩ ሲያልቅ የካላማዳሪያ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) ቁራጭ ይጠቀልሉበታል። ለትንሽ እጅ ይህ መፍትሔ ጉዳት ነው፤ መያዣው ሲወፍር ጣት አብዝቶ መጨበጥ ግድ ይሆንበታል፣ አጥብቆ መጨበጥ ደግሞ ራሱ ጣትን ያደነዝዛል። በጋዙ በኩል ሲሆን ጥቅልሉ ተንሸራቶ ጋዙ እንዳይመለስ ሊይዘው ይችላል። የጓንትዎም መዳፍ ላይ ወፍራም ስፌት በትንሿ ጣት በኩል ካለ ጓንቱን ይለውጡ።

አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይሂዱበት፤ ምን እንደ ለወጡና ጣትዎ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደ ደነዘዘ በማስታወሻ ይያዙ። ሁሉንም በአንድ ቀን የለወጠ ሰው የቱ እንደ ጠቀመው አያውቅም። መደንዘዙ ከሞተር ከወረዱ በኋላም ለሰዓታት ከቀጠለ፣ ሌሊት ካስነሣዎ፣ ወይም ዕቃ ከእጅዎ መውደቅ ከጀመረ ግን ነገሩ ከመካኒክ ሥራ አልፏልና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

የግራ እጅዎ ተሽሎት ቀኙ ብቻ ከቀረ መሪውን መልሰው አይንኩት፤ የጋዙን ኬብል ይመልከቱ። የደረቀ ኬብል ጋዙን ስለሚያከብደው ቀኝ እጅ ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ ይጨብጣል። ኬብሉን ከላይ በኩል ፈትተው ቀጥ ብሎ እንዲንጠለጠል ያድርጉና ቀጭን ዘይት ከታች እስኪታይ ድረስ በጠብታ ያስገቡበት፤ መልሰው ሲያስሩት በመያዣው ላይ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ልልነት ይተዉለት፣ ከዚያም ያንን የግራና የቀኝ ጫፍ ፍተሻ እንደገና ያድርጉት።